ሁሉም ያለፈበት ውድድር

የጋራ መገልገያው ቤት ሽታ አልተለወጠም። እርጥብ ሲሚንቶ፣ የከረመ ሽንኩርት፣ ተጣጥፎ ጥግ የተቀመጠ የእድር ድንኳን። ባለፈው ቅዳሜ ገርጂ፣ ባደግኩበት የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ነበርና እናቴ «ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ጠፍቷል፣ ነይ» ብላ ደወለችልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ ከርሜ ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሽንኩርት መላጥ ይቅርና ከአልጋ ለመውረድም አቅም አልነበረኝም። እናቴን እምቢ የሚል ሰው ግን ገና አልተወለደም። ከመገናኛ በሚኒባስ ተጋፍቼ ደረስኩ፣ የብረቱን በር ገፋሁት፣ ያ ሽታ መጣብኝ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ እዚህ ቤት ውስጥ ዳኛ ነበርኩ።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእናቴ ታናሽ እህት ሙሉ ከቤይሩት መጣች። ሙልዬ ነው የምንላት። አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ሁለት ሻንጣ ይዛ ተመለሰች፤ አራተኛ ፎቅ ባለችው ጠባብ ቤታችን ከእኔ ጋር አንድ ፍራሽ ላይ መተኛት ጀመረች። እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። እኔ የአረብ ሀገር ሽታ እሱ ይመስለኝ ነበር፤ ቤይሩትን ሳስባት ከተማዋ በሙሉ ታጥባ የተሰጣች አድርጌ ነበር የማያት። ሙልዬ በለመደችው ሰዓት እንቅልፍ እምቢ እያላት፣ ማንም ሳይነሳ የእኛኑ መታጠቢያ ቤት ስትፈገፍግ እንደምታነጋ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ እሱም ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። እኔና ሙልዬ ቢጫ ጀሪካን ይዘን ከግቢው ቧንቧ እንቀዳለን፤ እሷ ትልቁን፣ እኔ የዘይቱን ትንሽ ጀሪካን። ደረጃውን ስንወጣ ትዘፍን ነበር። አረብኛውንም አማርኛውንም፣ ያገኘችውን። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች በራቸውን ገርበብ አድርገው ይሰሙ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም እስክናልፍ ድረስ መጥረጊያዋን ይዛ ትቆማለች። ድምፅዋ ያምር ነበር። ይህን አሁኑኑ በግልጽ ልጻፈው፣ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ። ያምር ነበር።

በየፎቁ ጀሪካኑን አሳርፋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ውድድር ትነግረኛለች። ዓርብ ዓርብ ማታ አሠሪዋ ማዳም፣ ባልየውና የማዳም አማት ሶፋ ላይ ይደረደራሉ። ሙልዬ ለውዝ የያዘ ትሪ ይዛ ከሶፋው ጀርባ ትቆማለች። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ውድድር ቆማ ነው ያየችው።

«ፈረንጆቹ ያወጡት ነገር ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ፈረንጅ ጋ ዳኛው ፊት ለፊት ነው የሚሰድብሽ። ‹ድምፅሽ ያስጠላል፣ ወደ ቤትሽ!› ይልሻል አሉ። አረቦቹ ይሄን እንዴት ይቻሉት? የሰው ልጅ፣ ያውም እናቷ እያየች! ስለዚህ ‹ሀቢብቲ፣ ዓይኔ፣ ነፍሴ› እያለ ነው የሚያባርራት። ተባርራም ስማው ትወጣለች።»

«ማዳምስ ማንን ነው የምትመርጠው?»

«የሀገሯን ልጅ ነዋ! ቁራ ቢሆን ግድ የላትም፣ ስልኳን አንስታ እሱን ነው። አማቷ ደግሞ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ቀሚሷን ነው የምታየው። አጥሯል፣ አላጠረም። የድሮ ዘፈን ከመጣ ግን አለቀላት፣ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ለውዙንም እኔንም ትረሳናለች።»

እዚያ ቤይሩት፣ ጎን ካለው በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ማሪ የምትባል የፊሊፒንስ ልጅም ነበረች። በተሰባበረ አረብኛ ያወራሉ። እነሱ ሀገር ያንኑ ውድድር ሌላ አድርገውታል። ከመዝፈንሽ በፊት ችግርሽን ትናገሪያለሽ፤ እናትሽ ታማለች፣ ቤታችሁን ጎርፍ ወስዶታል፣ ታናናሾችሽን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። ዳኛው አብሮ ካላለቀሰ ዳኛ አይባልም። ሙልዬ ይህን ስትነግረኝ የማሪን እጅና ዓይን እያስመሰለች ነው፤ በሳቅ ጀሪካኔን ደረጃው ላይ ደፍቼው አውቃለሁ።

ከሁሉም በላይ የምትወደው ግን ስለ ቤቱ ማውራት ነበር። ያለፉት ተወዳዳሪዎች አንድ ትልቅ ቤት ይገባሉ። በሩ ይዘጋል። በየጥጉ ካሜራ አለ። አራት ወር ሙሉ ዘመድ አያገኙም፣ ወደ ውጭ አይወጡም፤ መዝፈን ብቻ። እናቶቻቸው ራቅ ብለው ቆመው እጃቸውን ያወዛውዙላቸዋል። ሙልዬ ይህን ስትናገር ፊቷ ይበራ ነበር። እኔ የሚታየኝ ግን እስር ቤት ነው። እሷ ራሷ አራት ዓመት ሙሉ በር ተቆልፎባት እንደኖረች፣ ልዩነቱ ማንም ዝፈኚ አለማለቱ ብቻ እንደነበር ማን ይንገረኝ?

ውድድሩን እኛም ግቢ እናድርገው ያልነው ዝናቡ ለሦስተኛ ሳምንት አላስወጣ ሲለን ነው። የጋራ መገልገያው ቤት ለድግስና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራ ነው፤ ክረምት ላይ ሰርግ ስለሌለ ባዶውን ይከርማል። ሙልዬ የእድሩን ወንበሮች ደረደረች። ማይክሮፎን ከእኛ ቤት ተነቅሎ የመጣ፣ ከነጭራሹ ውሃ አይቶ የማያውቅ የሻወር ራስ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየወረደ፣ ሰባት ልጆች ተሰለፉ።

«ሦስት ዳኛ ያስፈልጋል» አለች ሙልዬ። «ሁለት ትልቅ ሰውና አንድ ልጅ።»

ልጅየዋ እኔ ሆንኩ፣ ምክንያቱም ዘፈን ስጀምር ሰው ይስቃል። ከትልቆቹ አንዱ ጋሽ ሽኩር ነበሩ፤ መርካቶ ሱቅ ያላቸው፣ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሰው ካልሰበሰቡ የሚያማቸው። ሌላዋ እትዬ ታደለች፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ጴንጤ ናቸው። እሳቸው መጀመሪያ «ዘፈን ያለበት ቦታ አልቀመጥም» ብለው ነበር፤ ልጃቸው ሳሮን መዝሙር እንደምትዘምር ሲነገራቸው ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው መጡ።

የመጀመሪያዋ ተወዳዳሪ የጋሽ ሽኩር የወንድም ልጅ ነበረች። ግጥሙን መሀል ላይ ረሳችው፣ ከዚያ ጣሪያውን አየች፣ ከዚያ አለቀሰች። ሙልዬ ወደ ዳኞች ዞረች።

«አልፋለች» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«ጋሽዬ፣ አልዘፈነችም እኮ!»

«ታዲያ ነገ ወንድሜን ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው? አልፋለች ብያለሁ፣ አልፋለች።»

ቀጥላ ሳሮን ገባች። ዓይኗን ጨፍና ዘመረች፤ እኔን እንኳን ውርር አደረገኝ። ሙልዬ «ዳኞች?» ስትል እትዬ ታደለች ተቆጡ። «መዝሙር ይዳኛል እንዴ? ለጌታ የቀረበን ምስጋና አንቺ ነሽ የምታሳልፊው የምትጥይው? አሜን ነው የሚባለው!» ስለዚህ ሁላችንም አሜን አልን፤ ጋሽ ሽኩርም ዝቅ ባለ ድምፅ ብለዋል። ከሳሮን ቀጥሎ የገባው የጋሽ ሽኩር የመጨረሻ ልጅ መንዙማ ያዘ። እሱንም መዳኘት አልተቻለም፤ እትዬ ታደለችም በተራቸው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ከሁለተኛ ብሎክ የመጣው ኪሩቤል ግን ዘፈነ። የእሱን ድምፅ ለመግለጽ ጉልበት የለኝም። የተበላሸ የሚኒባስ ጥሩምባ ነው ብዬ ልለፈው። እሱም አለፈ፤ እናቱ እድር ላይ ከእትዬ ታደለች ጋር ናቸው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰባቱ አሥራ አንድ ሆኑ። ሰው የሚወድቅበት ውድድር አለመሆኑ በግቢው ተወርቶ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ አባት ራሳቸው ቀረርቶ አሰምተው አለፉ። እኔ ከዳኞች መሀል ተቀምጬ እግሬ መሬት ሳይነካ አንዱን እንኳን «አላለፍክም» ለማለት ስጠብቅ ከረምኩ፤ አፌን ስከፍት ጋሽ ሽኩር ክርኔን ይጎሽሙኛል። «ተይ፣ የሰው ፊት» ይሉኛል። የሰው ፊት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር፤ የሚሰበር ዕቃ ይመስለኝ ነበር።

ሙልዬ ግድግዳውን ተደግፋ ትስቃለች። «ፈረንጅ ስድብ አድርጎ አወጣው፣ አረብ ሀቢብቲ ጨመረበት፣ ማሪዎቹ ለቅሶ አደረጉት» አለች አንዴ ዓይኗን እየጠረገች። «ገርጂ ሲደርስ እድር ሆኖ አረፈው!»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። አንደኛው ኤጀንሲው ደወለ፤ የማዳም እህት ሙልዬን ትፈልጋለች፣ ቪዛው ወጥቷል፣ ሁለት ዓመት። ሁለተኛው፣ በአንድ ጣቢያ የዘፈን ውድድር ሊጀመር ነው ተባለ፤ እንደዚያ እንደ ቤይሩቱ ዓይነት፣ በእኛ ዘፈን፣ በእኛ ዳኛ። ምዝገባው ቦሌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሚመዘገቡበት ቀን ደግሞ ሙልዬ ለኤጀንሲው መልስ እንድትሰጥ ከተባለችበት ቀን ጋር አንድ ሆነ።

እናቴና እሷ ልብስ ሲያጣጥፉ ሰማኋቸው። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

«ድምፅ ቁርስ ይሆናል?» አለች እናቴ። ክፋት የላትም፣ ደክሟት ነው።

«አውቃለሁ እታለም። ግን አንድ ሰው እውነቱን ቢነግረኝ። ይሆናል ካለኝ ቪዛው ገደል ይግባ፣ እዚሁ እሞክራለሁ። አይሆንም ካለኝ ደግሞ ቁርጤን አውቄ እሄዳለሁ። ሰው ቤት ደግሞ እንዲሁ በከንቱ አልመለስም።»

«ጎረቤቱ ሁሉ ያደንቅሽ የለ?»

«ኪሩቤልንም ያደንቁታል» አለች ሙልዬ።

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ አሰብኩበት። ሁለቱም መሄድ ነው። ከቤይሩት ግን ሰው ይመለሳል፤ ይኸው ሙልዬ ተመልሳ ከጎኔ ትተኛ የለም እንዴ? ሻንጣ ይዞ፣ ቸኮሌት ይዞ ይመለሳል። ቴሌቪዥን ውስጥ የገባ ሰው ግን ተመልሶ ፎቅ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። በሩ ይዘጋል፣ ካሜራው ይከፈታል፣ እናት ራቅ ብላ እጇን ታወዛውዛለች፣ በቃ። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ ይህን ሁሉ አስረዳ ነበር።

በመጨረሻው ቅዳሜ፣ ጳጉሜ ውስጥ፣ ልጆቹ ሁሉ እንደልማዳቸው ካለፉ በኋላ ሙልዬ የሻወሩን ራስ ራሷ አነሳች። «እስቲ ዛሬ እኔንም ዳኙኝ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። ዝናቡ ቆሞ ነበርና ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ዘፈነች። ደረጃው ላይ የምትዘፍነውን የአማርኛውን ነው፣ ከፍ ብሎ የሚሄደውን። ከውጭ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እጃቸው አረፋ እንደያዘ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ጨብጬ «አይምርባት፣ አይምርባት» እያልኩ እጸልይ ነበር። እየጸለይኩ አምሮ ነበር የሚሰማኝ።

«ማሻአላህ! አልፈሻል!» አሉ ጋሽ ሽኩር ብድግ ብለው።

«ስጦታ ነው እኮ» አሉ እትዬ ታደለች ዕንባቸውን እየጠረጉ። «ለጌታ ብታደርጊው ደግሞ!»

ሙልዬ ጎንበስ ብላ አመሰገነች፤ ሰዉ እልል ብሎ ተበተነ። እኔና እሷ ወንበር ለመደራረብ ቀረን። አምስት ስድስት ወንበር ከደራረበች በኋላ ቆመች፣ መጥታ ከፊቴ ቁጢጥ አለች፣ ዓይኗ ከዓይኔ እኩል ሆነ።

«ሜሮን፣ ሜሪዬ፣ እነሱ ለሁሉም ነው አልፈሻል የሚሉት። ይሉኝታ ነው፣ አልፈርድባቸውም። አንቺ ግን ልጅ ነሽ። ልጅ አይዋሽም። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ድምፄ ያምራል?»

«አያምርም» አልኳት።

ቀስ ብላ «ምኑ?» አለችኝ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዳኛ ሆኜ አንድ ቀን እንኳን ምክንያት ተጠይቄ አላውቅም። ዓይኔ ወለሉ ላይ የወደቀውን የሻወር ራስ አየ፣ ጫፉ የተሰነጠቀውን፤ እሱን እያየሁ «ከፍ ስትዪ ይሰበራል» አልኳት።

ብትቆጣኝ፣ ብትስቅ፣ ቢያንስ ብትከራከር ምን ነበረበት? ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። ግንባሬን ስማኝ ተነሳችና የቀሩትን ወንበሮች ደራረበች። ከዚያ ቀን በኋላ ውሃ ስንቀዳ አልዘፈነችም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ሁለት ቀን በሯን ገርበብ አድርጋ ጠበቀች፣ በሦስተኛው ዘጋችው።

መስከረም ሲጠባ ሙልዬን ለመሸኘት ቦሌ ኤርፖርት ሄድን። ጠዋት ነበር። ጋሽ ሽኩርና እትዬ ታደለች ሳይቀሩ መጥተዋል፤ ሰው ሲሸኝ የማይቀር ሰው ነው የግቢያችን ሰው። ሙልዬ ሁሉንም ሳመች፣ ከዚያ እኔን ከመሬት አንስታ አቀፈችኝ። ከብዷት ነበር፣ ትልቅ ልጅ ነበርኩ።

«ሁላችሁም ስታሞግሱኝ እሷ ብቻ ናት እውነቱን የነገረችኝ» አለቻቸው። «ያን አዳራሽ ሄጄ ከመዋረድ ያዳነችኝ እሷ ናት። ልጅ እንዲህ ነው ማሳደግ!» እናቴ በኩራት ራሴን ዳበሰችኝ። ጋሽ ሽኩር አፍረው መሬት አዩ። እኔ የሙልዬን አንገት አልለቅም ብዬ፣ ፈልቅቀው ነው የወሰዱኝ። የሚያስለቅሰኝ መለያየቱ መስሏቸው ነበር፤ ግማሹ ልክ ነው። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር፣ ልጅ ነበርኩና ልጅ ሲናገር ይታመናል። አልተናገርኩም። ለሁለት ዓመት ብላ የሄደችው ሙልዬ የተመለሰችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜም ሽንኩርቱ ጋ ቀድማኝ ተቀምጣ አገኘኋት። አሁን ሳሊተ ምሕረት ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ያማታል፣ በርጩማ ላይ እግሯን ዘርግታ ነው የምትልጠው። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጇ ሶልያና ጎን ለጎኗ ቆማ የሽንኩርት ልጣጭ ትረግጣለች፣ ታንጎራጉራለች።

«ይቺ ደግሞ ዘፋኝ ልሁን እያለች አሳበደችኝ» አለችኝ ሙልዬ። «ሰው ሁሉ ጎበዝ ጎበዝ እያለ እያበላሸብኝ ነው። እስቲ ሶሊ፣ ለሜሮን ዝፈኚላት። እሷ ብቻ ናት የማትዋሽሽ። አንቺን ስታክል እንኳን እኔን አልዋሸችኝም።»

ሶልያና እጇን ከኋላዋ አድርጋ ዘፈነች። የምን ዘፈን እንደሆነ አላውቀውም፣ አዲስ ነው። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ከፍ ወዳለው ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተሰበረም።

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ያን ነገር ተሸክሞ መኖርም ደክሞኝ ነበር።

«ያምራል» አልኩ። «የእናትሽም ያምር ነበር። ሙልዬ፣ ያንቺም ያምር ነበር። አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም። ዋሽቼሽ ነው።»

ሙልዬ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሽንኩርት ያስለቀሰውን ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ሳቀች፣ ያንኑ የድሮ ሳቋን።

«አይ ሜሪዬ» አለች። «አንቺም አደግሽ አይደል? አሁንስ ቁርጥ ጋሽ ሽኩርን ሆንሽ።»

ያልተላጠ ሽንኩርት ከሳህኑ አንስታ አቀበለችኝ።